የእጅ ሥራና የልብ ዕረፍት

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ አሁን የምነግርዎትን ነገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ይዘጋል፤ መዝገቡ ይታጠፋል፤ መሳቢያው ይቈለፋል፤ ኮቱ ይለበሳል። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ የታጠፈው መዝገብ በልብ ውስጥ ተገልጦ ይቀራል። አለቃ የተናገረው ቃል፥ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ፥ ነገ የሚጠበቅ ስብሰባ፥ የቤት ኪራይ፥ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፥ ይህ ሁሉ አብሮ ታክሲ ይሳፈራል፤ አብሮ ከራት ገበታ ይቀርባል፤ መብራት ከጠፋ በኋላም አብሮ አልጋ ላይ ይወጣል። የገበሬ ድካም እንቅልፍ ያመጣል፤ የጸሐፊ ድካም ግን እንቅልፍን ያባርራል። ይህም የሚሆነው የጸሐፊ እጅና እግር ሳይሠሩ ውለው ሐሳቡ ብቻውን የቀኑን ሸክም ሁሉ ተሸክሞ ስለሚመሽ ነው።

ይህን ድካም ለማራገፍ ሰው ሁሉ የራሱን መንገድ ይፈልጋል። አንዱ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ መጠጥ ቤት ጎራ ይላል፤ በማግሥቱ ራሱን እያመመው ወደዚያው ወንበር ይመለሳል። ሌላው የእጅ ስልኩን ከፍቶ የማያውቃቸውን ሰዎች ጠብ ሲመለከት እኩለ ሌሊት ይሆንበታል፤ የራሱ ጭንቀት አልበቃ ብሎት የሌላውን ይጨምርበታል። እኔም ሁለቱንም ሞክሬአለሁና ይህን የምናገረው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። የዛሬው ንግግሬ ዋጋው ትንሽ፥ ድምፁም ዝቅተኛ ስለ ሆነ ስለ አንድ ሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም ክር ይዞ መቀመጥ ነው። ጥጥ በእንዝርት መፍተል፥ በሁለት መርፌ ሹራብ መሥራት፥ በኪሮሽ ዳንቴል መሥራት፥ ሦስቱም በመልካቸው ልዩ ልዩ ቢሆኑ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ እጅን በጥቂት በጥቂቱ እያሠሩ የተበተነውን ሐሳብ ይሰበስቡታል።

«ይህማ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን ሊገለብጡ የተነሡ ጌታ ቢኖሩ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጫውትዎ። አባቴ ባረፈበት ዓመት እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ለቅሶው አልቆ፥ ድንኳኑ ተነቅሎ፥ እድርተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ቤታችን እጅግ ጸጥ አለ። እናቴ ያን ጊዜ ብዙ ዘመን ሳትነካው የኖረችውን እንዝርቷን ከግድግዳው ሥር አወጣች። በየማታው እኔ የትምህርት ቤት ሥራዬን ስሠራ እርስዋ በአጠገቤ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። አትናገርም፤ አታለቅስምም። እንዝርቱ ብቻ ይሾራል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይሾራል። ጎረቤቶቻችን እርስ በርሳቸው «ይህች ሴት ኀዘንዋን እየፈተለች ነው» ይሉ እንደ ነበር ኋላ ሰማሁ። ካደግሁ በኋላ ያን ጊዜ ምን ታስብ እንደ ነበረ ጠየቅኋት። ብዙ ነገር ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ «ምንም አላስብም ነበር፤ ክሩ እንዳይበጠስ ብቻ ነበር የማስበው» አለችኝ። ይህ መልስ ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቍልፍ በእርሱ ውስጥ እንዳለ አምናለሁ፤ ስለዚህም የአፈታተሉን ነገር በዝርዝር ላስረዳ።

ጥጥ ተለቅሞ እንደ መጣ አይፈተልም። መጀመሪያ ፍሬው ይወጣል፤ ይህም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቀጭን የብረት ዘንግ እየተዳመጠ ነው። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት በተነዘረ ቍጥር የተጨፈለቀው ጥጥ እየተላቀቀ እንደ ደመና ይነሣል። የተነደፈው ጥጥ ባዘቶ ይባላል፤ ከባዘቶው ላይ ለእጅ በሚመች መጠን ተቈርሶ የተጠቀለለው ደግሞ አመልማሎ ይባላል። ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጅዋ ትይዛለች፤ በሌላው እጅዋ እንዝርቱን ታሾራለች። በዘንጉ ላይ የተሰካው ክብ ነገር በክብደቱ ሽክርክሪቱን ስለሚያቈይላት በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ጣቶችዋ ጥጡን በቀስታ ይስባሉ፤ የተሳበው ይጠመዘዛል፤ ክር ይሆናል። የሆነውን ክር በዘንጉ ላይ ትጠቀልልና እንደገና ታሾራለች። ይህ ሲደጋገም ሰዓታት ያልፋሉ፤ በመጨረሻ ልቃቂት ይወጣል።

አሁን ልብ ይበሉ። አንዲት የጥጥ ቃጫ ርዝመትዋ በአብዛኛው ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብቻዋን ምንም አትሸከምም፤ በትንፋሽ ትበናለች። ክር የሚሆነው ብዙዎቹ አብረው ሲጠመዘዙ ነው፤ ሽክርክሪቱ እርስ በርሳቸው እንዲጨባበጡ ያደርጋቸዋል፤ ክሩ በተሳበ ቍጥርም ይበልጥ ይጠባበቃሉ። ሽክርክሪቱ ያነሰ እንደ ሆነ ቃጫዎቹ ተንሸራትተው ይለያያሉ፤ የበዛ እንደ ሆነ ክሩ ተቈላልፎ ይቋጠራል። ትክክለኛው መጠን የት ላይ እንደ ሆነ በመጽሐፍ ተጽፎ አይገኝም፤ የሚያውቁት ጣቶች ናቸው። ሰው ሲናደድ ጣቱ ይጠብቃልና ክር ይበጥሳል፤ ሲተኛ ደግሞ ጣቱ ይላላልና ክሩ ይወፍራል። እንግዲህ ፈታይዋ መቈጣትም ማንቀላፋትም አትችልም፤ በሁለቱ መካከል ባለው ስፍራ እንድትቀመጥ እንዝርቱ ራሱ ያስገድዳታል።

ይህ መካከለኛ ስፍራ በጣም የሚያስገርም ነው። ሥራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ሐሳብን ያስጨንቅ ነበር፤ እጅግ ቀላል ቢሆን ደግሞ ሐሳብ እጅን ትቶ ወደ ቢሮው ወይም ወደ ኀዘኑ ይሄድ ነበር። ክር መፍተል ግን ከሰው ሐሳብ ጥቂቱን ብቻ፥ ነገር ግን ያለማቋረጥ ይወስዳል። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ (በዚህ ንግግር ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሰው ራሱንና ሰዓቱን ረስቶ በሥራው ውስጥ የሚሰጥመው የሥራው ክብደትና የሠራተኛው ችሎታ ሲመጣጠኑ እንደ ሆነ ገልጿል። እናቴ ይህን መጽሐፍ አላነበበችም።

የጥጥ ሥራ በአገራችን የቈየ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ያስቀረጸው ጽሑፍ፥ ንጉሡ በኖባ ሰዎች ላይ ዘምቶ የእህልና የጥጥ ጎተራቸውን እንዳጠፋ ይናገራል፤ ስለዚህ ጥጥ በዚያ ዘመን በጦርነት ጊዜ ተቈጥሮ የሚጻፍ ሀብት ነበረ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያንም ግድግዳ ላይ የብሥራቱን ሥዕል ያየ ሰው እመቤታችን ክር በእጅዋ ይዛ እንደምትሣል ያውቃል፤ መልአኩ ገብርኤል የመጣው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ሳለ ነው ተብሎ ይነገራልና። ሠዓሊዎቹ እንዝርቱን የጨመሩት እንዲያው ለጌጥ አይመስለኝም። ለዚያ ያህል ታላቅ ቃል የተዘጋጀችን ሴት ሲያስቡ የታያቸው ባዶ እጅዋን የተቀመጠች ሴት አይደለችም።

የአባ እንጦንስም ታሪክ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ይህ የመነኮሳት አባት በግብፅ በረሃ ብቻውን ሲኖር ታካችነት ያዘውና ሐሳቡ እየተበተነ አስጨነቀው። ከዚያ በኋላ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፥ እንደገና ተቀምጦ ሲጐነጕን አየ፤ ይህም እርሱን እንዲያስተምረው የተላከ መልአክ ነበረ። ጸሎት ሳያቋርጥ ይሁን ብሎ መልአኩ እጁን ሥራ እንዳላስፈታ ልብ ይሏል። ክርስቲያኑ በመቁጠሪያው አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ» ሲል፥ ሙስሊሙም በሙስበሓው የፈጣሪን ስም ሲቈጥር፥ ምላስና ጣት አብረው የሚሠሩበት ምክንያት ይህንኑ ይመስለኛል። ጣት ቦታውን ሲይዝ ልብም ቦታውን ይይዛል። ፍተል ጸሎት ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ጸሎትን ለሚያውቁት ለአባቶች እተወዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርሁ አንባቢን እንዳታለልሁ ይቈጠራል። እንዝርት ለብዙ ሴቶች ዕረፍት አልነበረም። ቀን ውኃ ስትቀዳ፥ እህል ስትፈጭ፥ እንጨት ስትለቅም የዋለች ሴት ማታ በኩራዝ ብርሃን የምትፈትለው ልቧ እንዲያርፍ ብላ ሳይሆን ልጆችዋ ራቁታቸውን እንዳይሆኑ ወይም ክሩን በገበያ ሸጣ ጨው እንድትገዛ ነበር። በእንዝርት መፍተል ከመሸመን እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳልና አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ብዙ ፈታዮች መድከም ነበረባቸው። ከዚህም በላይ ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው ሥራ ምክንያት ይሰደቡ እንደ ነበር፥ ዐፄ ምኒልክም ይህን ስድብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገር እንዳስፈለጋቸው ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ አንድ ዓይነት ሥራ አንዷን ሲያሳርፍ ሌላዋን ያደክማል። ልዩነቱ ያለው በእንዝርቱ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ነው፤ ሰው ወድዶ ሲይዘው፥ ሲበቃው የሚያኖረው ሲሆን፥ ቍጥር የሚጠይቀው አለቃ ወይም ርሀብ በማይኖርበት ጊዜ ነው የሚያሳርፈው። ይህን ሳይለዩ የድሮ እናቶችን ድካም እንደ መዝናኛ የሚያወሱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም።

በዛሬው ጊዜ በከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ጥጥ ዳምጦና ነድፎ ይፈትላል ብዬ አልጠብቅም። በሽሮ ሜዳ እንኳ ሸማኔው ውጥረት የሚበዛበትን ድሩን በፋብሪካ ክር ሠርቶ በእጅ የተፈተለውን ለስላሳ ክር ለማጉ ብቻ የሚያውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚቀርበው ሹራብ ነው፤ ክሩ ተፈትሎ ይገዛል፤ የሚቀረው መሥራቱ ብቻ ነው።

ሹራብ ከሸማ የሚለይበት ዋና ነገር ድርና ማግ የሌለው መሆኑ ነው። ሸማ ብዙ ክሮች በቁምና በአግድም ተሻግረው የሚሠሩት ነው፤ ሹራብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክር ብቻ ነው። ያ ክር ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይሳባል፤ በዚያም ውስጥ ሌላ። ቀለበቱን ከፊት ወይም ከኋላ ከመሳብ በቀር መሠረታዊ ዘዴ የለውም፤ የቀረው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ቅንብር ነው። ቀለበቶች በሁሉ አቅጣጫ ስለሚለጠጡ ሹራብ ከሰውነት ጋር ይሄዳል። አንዲት ቀለበት ከመርፌው ያመለጠች እንደ ሆነ ግን ከሥርዋ ያሉት በተራ እየተፈቱ መሰላል መስለው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሠሪው ይቈጥራል፤ ሃያ አምስት ሄዶ ሃያ አምስት ይመለሳል። በቍጥሩ መካከል ለአለቃ ቃል የሚሆን ክፍት ቦታ ብዙ አይገኝም።

ለእኛ ለጸሐፊዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላ ጠባይ አለው። ስሕተቱ ይፈታል። በመሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ተፈርሞ፥ ማኅተም ተመትቶበት፥ በመዝገብ ቤት ወጪ ከሆነ በኋላ ስሕተት ቢገኝበት ምን ያህል ሌሎች ደብዳቤዎች እንደሚወልድ ያውቃሉ። በሹራብ ግን አራት መስመር በታች ያለውን ስሕተት ያየ ሰው መርፌውን አውጥቶ ክሩን ይስባል፤ መስመሮቹ ይፈታሉ፤ ክሩ ሳይጐዳ ወደ እጁ ይመለሳል፤ እንደገና ይጀምራል። ማንም አይጠይቀውም፤ ማስጠንቀቂያም አይጻፍበትም። ቀኑን ሙሉ የማይመለስ ነገር ሲፈርም ለዋለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደዚያ ወደ ተቈጡት ጌታ ልመለስ። ጌታዬ፤ በአገራችን የሚፈትሉት ሴቶች ሲሆኑ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው፤ ከጋሞ ተራሮች፥ ከጨንቻ ወገን የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች የለበሱትን ነጭ ልብስ ሠርተው ሲሰጡዎት ክር መያዝ ወንድነታቸውን አልቀነሰውም። ሹራብም ቢሆን መነሻው እንደሚያስቡት አይደለም። እስከ ዛሬ የተገኙት እጅግ የቈዩ በሹራብ መርፌ የተሠሩ ሹራቦች በግብፅ አገር በመካከለኛው ዘመን ከጥጥ ክር የተሠሩ የእግር ሹራቦች ናቸው። በኋላም በአውሮፓ ከተሞች ሹራብ ሠሪዎች የሙያ ማኅበር ሲያቋቋሙ አባላቱ ወንዶች ነበሩ። በፔሩ አገር በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ታኪሌ በምትባል ደሴት ዛሬም ሹራብ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ ዩኔስኮ የዚህችን ደሴት የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ በ2005 ከሰው ልጅ ታላላቅ ቅርሶች መካከል ቈጥሮታል። ይህ ሁሉ ሩቅ ከሆነብዎ በ2021 በቶኪዮ በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር ላይ ቶም ዴሊ የተባለው እንግሊዛዊ፥ ከአሥር ሜትር ከፍታ ወደ ውኃ በመዝለል የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ሰው፥ በተመልካቾች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሹራብ ሲሠራ ዓለም አይቶታል። ከዚያ ከፍታ የሚዘል ሰው ልቡን የሚያረጋጋበት ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ እኛም ከወንበራችን ሳንነሣ የምንወድቅበት ጊዜ አለ።

ስለ ዕረፍቱ ሐኪሞች ምን ይላሉ? እጅ የያዘው ሥራ ሕመምተኛን እንደሚረዳ በሐኪሞች ዘንድ ከታወቀ ቈይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቈሰሉና ልባቸው ለተናወጠ ወታደሮች ሽመና፥ ቅርጫትና ሹራብ እንዲሠሩ ይሰጣቸው ነበር፤ በ1917 በአሜሪካ በሥራ የማከምን ሙያ የሚያስፋፋ ማኅበር ተቋቁሟል። ከዚያም በኋላ የሐርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድን ቃል ወይም አንድን ጸሎት እየደጋገመ፥ ሌላ ሐሳብ ሲመጣበት ሳይጣላ በእርጋታ ወደ ድግግሙ የሚመለስ ሰው ትንፋሹና የልቡ ትርታ ዝግ እንደሚሉ አስረድቷል። ቤንሰን የመረመራቸው በተመስጦ የሚቀመጡ ሰዎች እንጂ ሹራብ ሠሪዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን የመርፌው ድግግም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል መሆኑን ማየት አያስቸግርም።

ስለ ሹራብ ራሱ የተደረገውም ጥናት አለ። በ2013 በእንግሊዝ አገር በሥራ የማከም ሙያ መጽሔት ላይ የወጣው የጂል ራይሊ፥ የቤትሳን ኮርክሂልና የክሌር ሞሪስ ጥናት ከልዩ ልዩ አገሮች 3,545 ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ፥ አዘውትረው የሚሠሩት ይበልጥ የመረጋጋትና የደስታ ስሜት እንደሚሰማቸው መናገራቸውን አሳይቷል። ይህን ቍጥር ስነግርዎ አብሬ ማስጠንቀቅ አለብኝ፤ የተጠየቁት ቀድሞውኑ ሹራብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ዓሣ አጥማጆችን ስለ ዓሣ ቢጠይቋቸውም ክፉ አይናገሩም። የተረጋጋ ሰው ሹራብ ይወድ እንደ ሆነ ወይም ሹራብ ሰውን ያረጋጋ እንደ ሆነ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ብቻ አይለይም። ጭንቀቱ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ የጠናበት ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ መርፌና ክር ሐኪምን አይተኩም።

እኔ ራሴ ይህን ሥራ የጀመርሁት እንቅልፍ ባጣሁበት ወራት ነው። በየቀኑ የማነበው ጽሑፍ ሌሊት በጆሮዬ ውስጥ እየተነበበ ያድራል፤ አንዲት የተሳሳትኋት ቃል አሥር ጊዜ ትመለሳለች። ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህርት ጎረቤት ነበሩን፤ እትዬ እያልን የምንጠራቸው። ይህን ሰምተው «ና፥ እጅህን አምጣ» አሉኝና ሁለት መርፌና አንድ ድቡልቡል ክር ሰጡኝ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ሳምንት ዕረፍት ሳይሆን ንዴት ነው ያተረፍሁት። ክሩ ይጠብቃል፤ ቀለበቱ ያመልጣል፤ ሃያ አምስቱ ሃያ ሰባት ይሆናል። እትዬም አይቈጡም፤ ይፈቱታል። «እጅህ እስኪያውቅ ድረስ ነው» ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ መስመሩን ስጨርስ ቀና ብዬ ሰዓት አየሁ፤ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ያችን የተሳሳትኋትን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላስታወስሁም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ በምሳ ሰዓት ክሩን በቦርሳዬ ውስጥ ባዩ ጊዜ ሳቁ። ከሳቁት አንዱ ከጥቂት ቀን በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ መርፌው ስንት ብር እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።

ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ብዙ ገንዘብ አያወጣም። በመርካቶ ክር ከሚሸጡት ሱቆች አንድ ወፈር ያለ የሹራብ ክርና ውፍረታቸው አምስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ሁለት መርፌዎች ይበቃሉ። የክሩ ቀለም ፈካ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ ቀለበቱን መለየት ለዓይን አስቸጋሪ ነው፤ በተለይ መብራት በሚደክምበት ሰፈር። ሃያ ወይም ሃያ አምስት ቀለበት አድርጎ የአንገት ልብስ መጀመር ጥሩ ነው፤ የአንገት ልብስ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና እጅጌም አንገትም መቍረጥ የለበትም። አስተማሪ ከውጭ መፈለግ አያሻም፤ በቀድሞ ጊዜ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የተማሩ እናቶችና አክስቶች በየቤቱ አሉ፤ ቢጠየቁ ደስ ይላቸዋል። የእጅ ስልኩን በሌላ ክፍል ትተው ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሠሩ ይበቃል። እጅ ወይም የእጅ አንጓ መታመም ከጀመረ ማቆም ነው፤ ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ መቀመጥም አንገትን ያደክማል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፤ ለማንም «ለበዓል አደርስልሃለሁ» ብለው ቃል አይግቡ። ቀን የተቈረጠለት ሹራብ ወዲያው የመሥሪያ ቤት ሥራ ይሆናል።

የመጀመሪያውን የአንገት ልብስ በጨረስሁ ጊዜ ለእናቴ ወሰድሁላት። ዓይንዋ አሁን ደክሟል፤ እንዝርቱንም ከተወችው ቈይታለች። ያን ዓመት ከፈተለችው ክር የተሸመነው ጋቢ ግን አራት እጥፉ ሳይላላ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። የአንገት ልብሱን ተቀብላ አላየችውም፤ በጣቶችዋ መካከል አድርጋ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በቀስታ ሳበችው። ወደ መካከሉ ስትደርስ ቆመች። በዚያ ስፍራ ሦስት መስመሮች ከሌሎቹ ይልቅ የጠበቁ ነበሩ፤ እኔ ራሴ አላወቅኋቸውም ነበር።

«ልጄ» አለችኝ፤ «እዚህ ላይ ምን እያሰብህ ነበር?»